የስዊድኑ ይሻላል ወይስ የአሜሪካኑ? ከልቦለድ የተወሰዱ የስካንዲኔቪያ ወንጀል ፊልሞችን ለመምረጥ

የስካንዲኔቪያ ወንጀል ታሪክ ማየት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ግራ ይጋባል። አንዱ ልቦለድ ሁለት ጊዜ ፊልም ሆኗል፤ አንዴ በስዊድንኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ። ሌላው መጀመሪያ የዴንማርክ ፊልም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ስኮትላንድ ውስጥ የሚካሄድ ተከታታይ ድራማ ሆኖ ተመለሰ። የትኛውን ልይ ብሎ የተመልካቾችን አስተያየት የከፈተ ሰው ደግሞ ይብስበታል። አንዱ «እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም» ያለውን ሌላው «ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ» ይለዋል።

ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አስተያየቶቹን ትንሽ ጠጋ ብሎ ላነበበ፣ ጠቡ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ፊልሙን ከመክፈቱ በፊት ከነበረበት ቦታ ነው። ልቦለዱን አንብቦ ነው የመጣው? የቀድሞውን ፊልም አይቷል? ሰብታይትል ማንበብ ይታክተዋል? ይህን ሳያውቁ የኮከብ ብዛት መቁጠር ጥቅም የለውም።

እዚህ ሰባት ሥራዎችን አነጻጽራለሁ። ሁሉም ከልቦለድ የተወሰዱ ናቸው። «ዘ ብሪጅ» እና «ዘ ኪሊንግ» የሌሉት ለዚህ ነው፤ እነሱ ከመጀመሪያውም ለቴሌቪዥን የተጻፉ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የማንንም ታሪክ መጨረሻ አልናገርም።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ልቦለዱን አንብባችኋል? ያነበበ ሰው የጎደለውን ይቆጥራል። ያላነበበ ሰው ስሞቹን ለመያዝ ይታገላል። እነዚህ ልቦለዶች ብዙዎቹ ወፍራም ናቸው፤ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሲገቡ የግድ አንድ ነገር ይወድቃል። ጥያቄው የወደቀው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የእኛ አገር ተመልካች ስዊድንኛውን ወይም ዴንማርክኛውን የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ሰብታይትል ነው። ለሁለት ሰዓት ተኩል ማንበብ ማለት ነው። ምግብ እየሠሩ፣ ስልክ እየነካኩ የሚታይ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል የእንግሊዝኛውን ፊልም ያለ ሰብታይትል የሚያይ ሰው የተዋናዮቹ አነጋገር ሊያስቸግረው ይችላል። ስቶክሆልም፣ ኦስሎ ወይም ኮፐንሀገን ለምትኖሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቋንቋውን እየተማራችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ቋንቋ ማየት ጆሮን ያለማምዳል።

ሦስተኛው ርዝመትና ዳታ። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው በኤችዲ ጥራት ማየት በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ በመደበኛ ጥራት እስከ 1 ጊጋባይት። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም በኤችዲ ከ7 ጊጋ በላይ ሊወስድ ይችላል። በሞባይል ፓኬጅ ለሚያይ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

አራተኛው ጭካኔው ነው። ስለዚህ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ አስተያየት ሰጪዎች «ከባድ ነው» ብለው ያልፉታል። ከባድ የሚለው ቃል አይበቃም። ከእናት ከአባት ጋር ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ሪሞት ፍለጋ የሚያስሮጥ ትዕይንት ያለባቸው አሉ።

የመጨረሻው ደግሞ ታሪኩ ይዘጋል ወይ? አንዳንዱ በአንድ ምሽት ያልቃል። አንዳንዱ ተከታይ አለው። አንዳንዱ ተከታይ እንዲኖረው ታስቦ ተሠርቶ ሳይቀጥል ቀርቷል፤ ይሄ ነው የሚያናድደው።

አንድ ልቦለድ፣ ሁለት ፊልም፦ «ዘ ገርል ዊዝ ዘ ድራገን ታቱ»

ትልቁ ክርክር ያለው እዚህ ነው፤ እኔም ረዘም አድርጌ የምቆየው እዚሁ ነው።

ልቦለዱን የጻፈው ስዊድናዊው ጋዜጠኛ ስቲግ ላርሰን ነው። በ2004 በ50 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው በ2005 ነው። ሰውየው ለእኛ አካባቢ ጨርሶ እንግዳ አልነበረም። በ1977 ወደ ኤርትራ መጥቶ የሻዕቢያ ሴት ታጋዮችን የጦር መሣሪያ አጠቃቀም አሰልጥኗል። የልቦለዱን ጀግና ሊዝቤት ሳላንደርን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ብዙም አይገርመውም።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። ጋዜጠኛው ሚካኤል ብሉምክቪስት በአንድ ባለሀብት ላይ በጻፈው ጽሑፍ ስም በማጥፋት ተፈርዶበታል። ሄንሪክ ቫንገር የሚባል አዛውንት ኢንዱስትሪያሊስት ይጠራዋል። የወንድሙ የልጅ ልጅ ሃሪየት በ1966 ከቤተሰቡ ደሴት ላይ ጠፍታለች። ከቤተሰቡ አንዱ እንደገደላት ያምናል። ብሉምክቪስት ምርመራውን ይይዛል፤ ኋላ ላይ ኮምፒውተር ሰርሳሪዋ ሊዝቤት ትቀላቀለዋለች።

የ2009ኙን የስዊድን ፊልም ያዘጋጀው ዴንማርካዊው ኒልስ አርደን ኦፕሌቭ ነው። ሊዝቤትን ኑሚ ራፓስ፣ ብሉምክቪስትን ሚካኤል ኒክቪስት ተጫውተዋል። 152 ደቂቃ ነው። ረዘም ያለ የ180 ደቂቃ ቅጂም አለው፤ እሱ ለቴሌቪዥን «ሚሌኒየም» በሚል የቀረበው ተከታታይ አካል ነው። የ2011ዱን የአሜሪካ ፊልም ያዘጋጀው ዴቪድ ፊንቸር ነው፤ ዳንኤል ክሬግና ሩኒ ማራ ይጫወታሉ፤ 158 ደቂቃ ይወስዳል። በኤዲቲንግ ኦስካር አሸንፏል፤ ማራም በዋና ተዋናይት ዘርፍ ታጭታ ነበር።

እንግዲህ ተመልካቹ ምን ይላል? የስዊድኑ ወገን ሁልጊዜ የሚጀምረው በራፓስ ነው። የእሷ ሊዝቤት ደረቅ ናት፤ ለማንም አትለማመጥም፤ ሲመቷት መልሳ ትመታለች፤ ተመልካቹ እንዲወዳት የምታደርገው አንዳች ነገር የለም። ኒክቪስትም እንደ ተራ ጋዜጠኛ ነው የሚታየው፤ ፊቱ የደከመ፣ ትንሽ ቦርጭ ያለው። ክሬግን ግን ብዙ ሰው ጄምስ ቦንድ አድርጎ ስለለመደው «ይሄ ሰው እንዴት ይፈራል?» ይላል። ትክክለኛ ቅሬታ ነው ብዬ አስባለሁ።

የአሜሪካኑ ወገን መልስ አለው። ማራ የተጫወተቻት ሊዝቤት የቆሰለች ናት። ዝም ስትል ከዝምታዋ በታች ያለው ይታያል። የፊልሙ ብርድ፣ ብርሃኑ፣ ድምፁ፣ የትሬንት ሬዝነርና የአቲከስ ሮስ ሙዚቃ፣ ሁሉም በልክ የተሰፋ ነው። ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም ነውና ይህ ይጠበቃል። ከጎኑ ሲቀመጥ የስዊድኑ አንዳንድ ቦታ የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላል። የስዊድኑ አፍቃሪዎች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ ግን እውነት ነው።

ልቦለዱን ያነበቡት ክርክር ደግሞ ሌላ ነው። «ለመጽሐፉ የቀረበው የስዊድኑ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ በሃሪየት ማስታወሻ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ለመፍታት የምትረዳው የብሉምክቪስት ልጅ ናት። ፊንቸር ይህን ጠብቆታል። የስዊድኑ ፊልም ልጅቷን አስቀርቶ ፍቺውን ለሊዝቤት ሰጥቷታል። ሊዝቤት ሚስጥሩን ፈትታ ኢሜይል ትልክለታለች፤ ሁለቱ የሚገናኙትም በዚሁ ነው። እኔ ለውጡን ወድጄዋለሁ፤ ታሪኩን ያሳጥራል፣ ሊዝቤትንም ቶሎ ወደ መሃል ያመጣታል። ብሉምክቪስት ከባልደረባው ኤሪካ ጋር ያለውን ግንኙነትም የአሜሪካኑ ይበልጥ ይዞታል። ወደ መጨረሻው ሲደረስ ግን የሃሪየትን ጉዳይ የቀየረው የአሜሪካኑ ነው፤ አንባቢዎች በጣም የሚጨቃጨቁበት ነጥብ ይህ ነው። «ለመጽሐፉ ታማኝ» የሚለው ሙገሳ እንግዲህ የትኛውን ምዕራፍ እንደወደዳችሁ ነው የሚወሰነው።

የቋንቋው ነገር የስዊድኑን ይጠቅማል። የአሜሪካኑ ታሪክ ስዊድን ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ ስዊድናውያን ናቸው፤ የሚናገሩት ግን እንግሊዝኛ ነው። አንዳንዶቹ የስዊድን ቃና ይጨምሩበታል፤ ክሬግ በራሱ አነጋገር ይቀጥላል። ጆሮ ላለው ሰው ይህ እስከ መጨረሻው ይረብሻል። ሰብታይትል የማይወድ ሰው ግን ይህን ሁሉ ለመቻል ዝግጁ ነው።

ጭካኔውን በተመለከተ ሁለቱም እኩል ናቸው። ሊዝቤት የምትደፈርበት ትዕይንት በሁለቱም ውስጥ ረጅምና ግልጽ ነው። ማንም ሰው ሳያውቅ ሊገባበት አይገባም። ከልጆች ጋር አይታይም፤ ከቤተሰብ ጋርም አልመክርም።

ለመምረጥ በጣም የሚጠቅመው ግን ብዙዎች የማይጠቅሱት ነገር ነው። የስዊድኑ ላርሰን ስለ ሊዝቤት የጻፋቸውን ሦስቱንም ልቦለዶች ጨርሷል። ሦስቱም ፊልሞች በ2009 ነው የወጡት፤ ተዋናዮቹ ያው ናቸው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያዘጋጀው ዳንኤል አልፍሬድሰን ነው፤ ከመጀመሪያው ደከም ይላሉ፤ ግን የሊዝቤት ታሪክ ይዘጋል። ፊንቸርና ማራ በአንዱ ቀሩ። በ2018 የመጣው «ዘ ገርል ኢን ዘ ስፓይደርስ ዌብ» በሌላ ተዋናይት፣ ከላርሰን ሞት በኋላ ዴቪድ ላገርክራንትስ ከጻፈው ልቦለድ ነው። የማራን ሊዝቤት የወደደ ሰው እዚያው በሩ ላይ ይቀራል።

ክፍል ኪው፦ የ97 ደቂቃው ወይስ ዘጠኝ ክፍሉ?

የዩሲ አድለር-ኦልሰን ልቦለድ በ2007 ዴንማርክ ውስጥ ወጣ። መርማሪው ካርል ሞርክ በተኩስ አንድ ባልደረባውን አጥቷል፤ ሌላው ሽባ ሆኗል። አለቆቹ ከዓይናቸው እንዲርቅላቸው «ክፍል ኪው» የሚባል ምድር ቤት ያስገቡትና የተዘጉ መዝገቦችን እንዲያስተካክል ያዙታል። እሱ ግን አንዱን መዝገብ ይከፍታል። ከመርከብ ላይ ጠፍታ ራሷን አጥፍታለች የተባለች ፖለቲከኛ ጉዳይ ነው።

የ2013ቱ የዴንማርክ ፊልም «ዘ ኪፐር ኦፍ ሎስት ኮዝስ» ይባላል። ኒኮላይ ሊ ኮስ ካርልን፣ ፋሬስ ፋሬስ ረዳቱን አሳድን ይጫወታሉ። ነገር አያበዛም። ተመልካቾች የሚወዱት የሁለቱን ሰዎች ነገር ነው፤ አንዱ ኩርፍተኛ፣ ሌላው ትዕግሥተኛ። የሚያማርሩት ደግሞ «ማን እንደሆነ ቶሎ ታወቀ» ብለው ነው። እውነት ነው። የፊልሙ ጥያቄ ማን ነው የሚለው ሳይሆን ይደርሱላት ይሆን ወይ የሚለው ነው፤ እንቆቅልሽ መፍታት የሚወድ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ጥሩው ነገር፣ በሁለቱ ተዋናዮች እስከ 2018 ድረስ አራት ፊልም ተሠርቷል፤ እያንዳንዱም የየራሱ መዝገብ አለው።

የ2025ቱ የኔትፍሊክስ «ዲፓርትመንት ኪው» ያንኑ ልቦለድ ይዞ ወደ ኤድንብራ ሄዷል። ያዘጋጀው ስኮት ፍራንክ ነው። ማቲው ጉድ መርማሪውን ይጫወታል። የጠፋችው ሴት ፖለቲከኛ መሆኗ ቀርቶ ዐቃቤ ሕግ ሆናለች። የረዳቱ ስም አክራም ነው፤ አሌክሴይ ማንቬሎቭ የሚጫወተው ሶርያዊ ስደተኛ ነው። ከሚነበበው አስተያየት ውስጥ ለአክራም የሚሰጠው ፍቅር ከዋናው መርማሪ ሳይበልጥ አይቀርም። ተከታታዩን የሚወቅሱት «መሃሉ ይረዝማል» ይላሉ። የዴንማርኩን ያየ ሰው ይህ ይሰማዋል፤ በ97 ደቂቃ ያለቀው ነገር እዚህ ዘጠኝ ክፍል ሆኗል። ያላየው ግን ሰዎቹን ቀስ ብሎ ስለሚያውቃቸው መርዘሙን አያስተውለውም። ንግግሩ የስኮትላንድ እንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተሠራ ቢሆንም ሰብታይትሉን አብሩት።

አንድ ምሽት፣ አንድ ፊልም፦ «ሄድሃንተርስ»

ኖርዌያዊው ዮ ኔስቦ በ2008 የጻፈው ነው። ለትልልቅ ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጅ እየፈለገ የሚያቀርብ፣ በጎን ደግሞ ሥዕል የሚሰርቅ ሰው አለ። አቅሙ ከማይፈቅደው ኑሮ ጋር ለመራመድ ነው የሚሰርቀው። አንድ ቀን ከማይሆን ሰው ቤት ይሰርቃል። በቃ። ከዚያ በኋላ መሮጥ ነው።

ፊልሙ 2011 ላይ ወጣ፤ ሞርተን ቲልዱም አዘጋጀው፤ አክሰል ሄኒና ኒኮላይ ኮስተር-ዋልዳው ይጫወታሉ። ርዝመቱ 100 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሰባቱ ውስጥ የሚያስቅ እሱ ብቻ ነው፤ ሳቁ ግን ጥቁር ነው። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ያለውን ትዕይንት ያየ ሁሉ ስለሱ ሳይናገር አያልፍም፤ ምግብ እየበላችሁ አትዩት። «ይሄ ሁሉ አጋጣሚ በአንድ ሰው ላይ እንዴት ይደርሳል?» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ፊልሙ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም።

«ዘ ቼስትነት ማን»

ሶረን ስቫይስትሩፕ «ዘ ኪሊንግ»ን የፈጠረ ሰው ነው። ይህ የመጀመሪያ ልቦለዱ ሲሆን በ2018 ወጣ፤ በ2021 ኔትፍሊክስ በ6 ክፍል አቀረበው። ኮፐንሀገን ውስጥ በተገደለች ሴት አጠገብ ከቼስትነት (ከዛፍ የሚለቀም ቡናማ ፍሬ) እና ከእንጨት ስንጥር የተሠራ ትንሽ አሻንጉሊት ይገኛል። በላዩ ያለው አሻራ ከአንድ ዓመት በፊት የጠፋች የሚኒስትር ልጅ አሻራ ነው።

ያነበቡትም ያላነበቡትም በአንድነት የሚያመሰግኑት ሥራ ይህ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ምክንያቱም ጸሐፊው የቴሌቪዥን ሰው ነው፤ ልቦለዱ ራሱ በአጫጭር ምዕራፎች የተሠራ ስለሆነ ወደ ድራማ ሲገባ ብዙ አልተቆረጠም። ቅሬታው በጭካኔው ላይ ነው። ተጎጂዎቹ እናቶች ናቸው፤ የአካል መቆረጥ አለ፤ የልጆች ስቃይም አለ። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ማታ ባያየው ይሻላል።

«ዘ ስኖውማን»፣ ወይም ምን ሆኖ ነው?

የኔስቦ መርማሪ ሃሪ ሆል ያለበት የ2007 ልቦለድ ነው፤ ከተከታታዩ ሰባተኛው። ኦስሎ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል እናቶች ይጠፋሉ፤ ከቤታቸው ደጅ የበረዶ ሰው ይገኛል። ለፊልም የተመቸ ታሪክ ነው። ማይክል ፋስቤንደር አለበት። አዘጋጁ ቶማስ አልፍሬድሰን የታወቀ ሰው ነው። ማርቲን ስኮርሴዚም ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነበር። የ2017ቱ ውጤት ግን ሁሉንም አሳዘነ።

የሚገርመው ተመልካቹ ያለው ነገር በትክክል የሆነው ነገር መሆኑ ነው። «አንድ ነገር የተዘለለ ይመስላል» እያሉ ጻፉ። አልፍሬድሰን ራሱ ኖርዌይ ውስጥ የነበረው የቀረጻ ጊዜ አጭር ስለነበር ከስክሪፕቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው ሳይቀረጽ መቅረቱን ተናግሯል። አንባቢዎች የጎደለውን ከመጽሐፉ እየሞሉ ያያሉ፤ ሌሎቹ ጨርሶ አይገባቸውም። የኖርዌይ በረዶና ተራራ ግን በጣም ያምራል፤ ድምፁን አጥፍቶ ለሚያይ ሰው።

በአጭሩ

| ሥራው | ዓመት | ቋንቋ | ርዝመት | ልቦለዱን ላላነበበ | ጭካኔ | ይዘጋል? |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ድራገን ታቱ (ስዊድን) | 2009 | ስዊድንኛ | 152 ደቂቃ | ይገባል | በጣም ከባድ | አዎ፣ በሦስት ፊልም |
| ድራገን ታቱ (አሜሪካ) | 2011 | እንግሊዝኛ | 158 ደቂቃ | ስሞቹ ይበዛሉ | በጣም ከባድ | ምርመራው ይዘጋል፣ የሊዝቤት ታሪክ አይቀጥልም |
| ሄድሃንተርስ | 2011 | ኖርዌይኛ | 100 ደቂቃ ገደማ | በቀላሉ ይገባል | ከባድ፣ ግን ከሳቅ ጋር | አዎ |
| ኪፐር ኦፍ ሎስት ኮዝስ | 2013 | ዴንማርክኛ | 97 ደቂቃ | በቀላሉ ይገባል | መካከለኛ | አዎ |
| ዘ ስኖውማን | 2017 | እንግሊዝኛ | 119 ደቂቃ | ያደናግራል | ከባድ | ለስሙ |
| ዘ ቼስትነት ማን | 2021 | ዴንማርክኛ | 6 ክፍል | ይገባል | በጣም ከባድ | አዎ |
| ዲፓርትመንት ኪው | 2025 | እንግሊዝኛ | 9 ክፍል | ይገባል | ከባድ | መዝገቡ ይዘጋል |

ለማን የትኛው?

ለዚህ ዓይነት ታሪክ አዲስ ከሆናችሁ በ«ሄድሃንተርስ» ጀምሩ። አጭር ነው፤ ዳታ አይጨርስም፤ ካልወደዳችሁትም የጠፋው አንድ ምሽት ነው። ከወደዳችሁት ቀጥሎ የዴንማርኩን «ኪፐር ኦፍ ሎስት ኮዝስ» እዩ።

የላርሰንን ልቦለድ ያነበባችሁ፣ የስዊድኑን አስቀድሙ፤ ሦስቱንም ለማየት ጊዜ ካላችሁ ጥርጥር የለውም። ያላነበባችሁና አንድ ፊልም ብቻ የምትፈልጉ፣ የፊንቸርን እዩ፤ የቫንገር ቤተሰብ ስሞች ሲደራረቡ ግን ስልካችሁን አስቀምጡት። ሁለቱንም ለማየት ካሰባችሁ በመሃላቸው ወራት ይለፉ። በተከታታይ ያየ ሰው ሁለተኛውን ፊልም አያይም፤ ልዩነት ሲለቅም ነው የሚያመሸው። ያን ያህል የተጋጩ አስተያየቶች የሚመጡት ከእንዲህ ዓይነት ተመልካች ይመስለኛል።

ወጪ ለሚቆጥብ ደግሞ «ዘ ቼስትነት ማን» እና «ዲፓርትመንት ኪው» የኔትፍሊክስ ሥራዎች ናቸው። ለአንድ ወር ብቻ ከፍላችሁ ሁለቱንም ጨርሳችሁ ማቋረጥ ትችላላችሁ። ከሞባይል ዳታ ይልቅ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስልክ ላይ አውርዱት፤ በመደበኛ ጥራት ማውረድ ለስልክ ስክሪን ይበቃል። ፊልሞቹ የት እንደሚገኙ በየአገሩ ይለያያል፤ ስለዚህ የአሜሪካ ዘመዳችሁ «እዚህ አለ» ቢላችሁም ከመክፈላችሁ በፊት ባላችሁበት አገር ፈልጉት።

ከትዳር ጓደኛ ወይም ከጓደኛ ጋር ቅዳሜና እሑድ ለማየት «ዲፓርትመንት ኪው» ይመቻል፤ የሚያወራ ሰው ስለሚበዛበት መሃሉ ላይ ማውራትም ይቻላል። ብቻችሁን ለምታዩ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ መፍራት ለምትወዱ፣ «ዘ ቼስትነት ማን»።

«ዘ ስኖውማን»ን በተመለከተ መጽሐፉን ፈልጉ።